ዱለት የበላሁ ዕለት

ሰው በአፉ ስንት ሥራ እንደሚሠራ የሚያውቀው አፉ የቆሰለ ዕለት ነው። አሁን ይህን የምታነቡ ጤነኞች፣ ምላሳችሁ ተጋድሞ አርፏል፤ መኖሩንም ረስታችሁታል። የእኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እንደ ክፉ ተከራይ ሆኖብኝ ነበር፤ ቤቴ ተቀምጦ እኔኑ ያስለቅሰኛል። ሳዛጋ ያመኛል። ስስቅ ያመኛል። ትኩስ ያመኛል፣ ቀዝቃዛ ያመኛል፣ በርበሬማ ስሙ ሲጠራ ያመኛል። በርበሬ የማይበላ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ምን ይበላል? ሰው ቤት ስሄድ «ለእሷ አልጫ አውጡላት» እየተባለ እንደ አራስ ይቀርብልኝ ጀመር።

መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ብቻ ነበረች። የምስር ፍሬ የምታህል፣ መሐሏ ነጭ፣ ዙሪያዋ ቀይ፣ ታችኛው ከንፈሬ ውስጥ የተደበቀች። ናቅኋት። የናቁት ያስረግዛል ይባላል፤ በሳምንቱ ሦስት ወለደች። ከዚያ በኋላማ ነገሩ የአየር ጤና ታክሲ ተራ ሆነ፤ አንዷ ጨርሳ ስትወጣ ሌላዋ ከኋላ ተጠግታ ቦታዋን ትይዛለች። ባዶ የሆነ ቀን አላስታውስም።

እኔ ማለት ደግሞ አፌ ነኝ። ቁመት የለኝ፣ መልኬም ተራ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቱ እንቢ ሲለኝ አየር ጤና ካለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያስቀጠረኝ አፌ ነው። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ወልዴ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ደቂቃ ሲሰሙኝ ቆይተው «ይህቺን ሾፌር አይበላትም» አሉና ካፖርት ሰጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ እስከዚያ ድረስ የበላኝ ሾፌር አልነበረም።

ቁስሏ ምላሴ ጫፍ ላይ የወጣች ሳምንት ግን መናገር አቃተኝ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጥቶ የፍሬን ሸራ ጠየቀኝ። ዋጋውን በጣቴ አሳየሁት።

«ቀንሺ እንጂ።»

አየሁት።

«ትንሽ ቀንሺ፣ ደንበኛ ነኝ።»

አየሁት።

«ምን ታፈጫለሽ? ሰው ገደልኩ? እንቺ!» ብሎ ሙሉውን ከፍሎ ሄደ።

ጋሽ ወልዴ ከጀርባ ሆነው ሲያዩ ነበር። «ልጄ፣ እግዜር ቁስሉን ያቆይልሽ» አሉኝ። እግዜር ደግሞ የእሳቸውን ጸሎት ቶሎ ይሰማል።

መድኃኒት ያላዘዘልኝ ሰው የለም። እማዬ «ምች ነው» አለች። እማዬ ዘንድ ምች ያልሆነ በሽታ የለም፤ መኪና ቢገጫችሁም መጀመሪያ ዳማከሴ ነው የምታሽላችሁ። አሸችልኝ፣ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ የቀረውን አፍንጫዬ ውስጥ ጨመረችው። ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮ ጓሮ ሸተትኩ፤ አፌ ግን እንዳለ ነው። ጋሽ ወልዴ ማር አሉኝ። ፋርማሲ ያለችው ልጅ ደግሞ ያንን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የቁስል ውሃ በጥጥ ቀብታ ላከችኝ። ጥርሴም፣ ምላሴም፣ ከንፈሬም ወይን ጠጅ ሆኖ ሱቅ ስገባ አንድ ደንበኛ ያዘዘውን ቡሎን ጥሎ ወጣ። እኔ እንኳን መስታወት ሳይ ቀለም ጠጥታ ራሷን ልታጠፋ ሞክራ የከሸፈባት ሴት መስዬ ነበር።

ከሁሉም የባሰው የእትዬ ብርቄ ምርመራ ነው። እትዬ ብርቄ አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው። የቀራንዮ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ቢታመም ማንም አይቸገርም፣ እሳቸው አሉ። ከንፈሬን ገልብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ የሐሜት ቁስል ነው።»

«ማንን አምቼ?»

«እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እርስዎን ነዋ! ሌላ ማንን አማለሁ?»

ለሁለት ሳምንት አኮረፉኝ። ሰላም አገኘሁ።

እንግዲህ አፍ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ድካም ተጨመረበት። ከታክሲ ወርጄ ሱቅ እስክደርስ ሁለት ጊዜ እቆማለሁ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ አሮጊቶች ቀድመውኝ ያልፋሉ፤ አንዷ እንደውም «አይዞሽ» ብላኛለች። ፊቴ ገረጣ። ደግሞ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ አፈር ያምረኝ ጀመር። እርጥብ አሸዋ የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር አፌ ምራቅ ይሞላል። ዝናብ ሲጥል የሱቁ ደጅ ቆሜ መሬቱን እንደ ጥብስ እሸተዋለሁ።

አንድ ሰኞ ቀን የመስከረም ፀሐይ ወጥታ ሳለች ከላይኛው መደርደሪያ ኩሽኔታ ላወርድ መሰላል ላይ ወጣሁ። ሦስተኛው እርከን ላይ ዓለም ጨለመች። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ፤ ኩሽኔታው ዙሪያዬን ተበትኖ ይሽከረከራል፤ ጋሽ ወልዴ ውሃ ይረጩብኛል።

«ነፍሰ ጡር ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ከማን? ከፍሬን ሸራው?»

«አፏ ከሠራ አልሞተችም» አሉና ጤና ጣቢያ ላኩኝ።

ዶክተሯ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። አፌን በባትሪ አየች፣ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስባ አየች፣ ጥፍሬን አየች፣ ደም አስቀዳችኝ። ወረቀቱ ሲመጣ አነበበችው።

«የወር አበባሽ ይበዛል?»

«እንደ ክረምት ጎርፍ ነው።»

«ሻይ ከምግብ ጋር ትጠጫለሽ?»

«ከምግብ ጋር፣ ከምግብ በፊት፣ ደመወዝ ሲያልቅ ከምግብ ይልቅ።»

«ሥጋ መቼ ነው የበላሽው?»

«ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

ቀና አለች። «ለምን? አትወጂም?»

«ጉራጌ ነኝ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለእሷ እንደነገርኳት ለእናንተም ልንገራችሁ። ተክሌ የሚባል ታላቅ ወንድም አለኝ። አባታችን ልጆች ሳለን ስላረፈ ቤቱ እሱ፣ እማዬና እኔ ነበርን። ተክሌ «ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቼ እዚህ ፎቅ እሠራለሁ» ብሎ በየብስ ወጣ፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከማላዊ ድንበር ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ጀርባው ላይ ዶሮ ይጮኻል። «ነገ እደውላለሁ» አለ። ነገ እስከዛሬ አልመጣም።

በመስቀል የጉራጌ ልጅ ቤቱ ይገባል። የትም ይሁን የት ይመጣል፤ የተጣላው ይታረቃል፣ የጠፋው ይገኛል። በዚያ ዓመት መስቀል አልፎ ተክሌ ሳይመጣ ሲቀር እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመች። «ልጄ ቤቱ ሳይገባ ክትፎ አልቀምስም፣ ሥጋ የሚባል አፌ አይገባም» ብላ ተሳለች። ከጎኗ ቆሜ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው «እኔም!» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ያን ዕለት ጠዋት ጥብስ በልቼ ነበር የሄድኩት፤ ለጠገበ ሰው ስለት ቀላል ነው። ወር ይፈጅ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ቢበዛ እስከ ገና። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቆጮ በጎመን፣ ሽሮ፣ ከላዩ ሻይ። ሁለት መስቀል አለፈ። ሦስተኛው ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች። ከዚያ በቀስታ አስረዳችኝ። የአፍ ቁስል ብዙ ምክንያት አለው፤ እየተመላለሰ ሲያስቸግር ግን ደም ይታያል። የእኔ ደም ብረት አጥቷል። ብረት ሲያንስ የአፍ ቆዳ ይሳሳል፣ በትንሹ ይቆስላል፣ የቆሰለውም ቶሎ አይጠግግም። ድካሙም፣ ግርጣቱም፣ አፈር ማማሩም ከዚያው ነው።

«ጠዋት ማታ ብረት ነው የምሸጠው» አልኳት።

«በዓይን አይገባም» አለችኝ።

ክኒን ጻፈችልኝ፤ በሎሚ ውሃ፣ ከሻይ ርቆ። ሰገራዬ እንደሚጠቁርም አስጠነቀቀችኝ፤ ባታስጠነቅቀኝ ኖሮ ያን ያየሁ ጠዋት ንስሐ እገባ ነበር። «ክኒኑ የጎደለውን ይሞላል» አለች፤ «ግን የምትበይው ካልተስተካከለ መልሶ ይጎድላል። ሥጋ ብዪ። ጉበት ብዪ። ወንድምሽ ሲመጣ በእግርሽ ቆመሽ ተቀበዪው።»

ሦስት ቀን አሰብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት እግዜርን አይደለም። እግዜር አስተዋይ ነው፣ ወረቀቱን ባሳየው ይገባዋል። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥጋ አለመብላት ለእኛ ቤት «ይመጣል» ማለት ነበር። በየቀኑ፣ በየማዕዱ፣ ሳንናገረው እንለዋለን። እኔ አንዲት ጉርሻ ከበላሁ ምን እያልኩ ነው?

ሐሙስ ዕለት ሆዴ አሸነፈ። አየር ጤና ሰው ያውቀኛል፣ ቀራንዮ ውሻውም ያውቀኛል፤ ስለዚህ በታክሲ እስከ ጦር ኃይሎች ሄጄ አንድ ሥጋ ቤት ገባሁ። ሌባ እንኳን እንደዚያ ግራ ቀኝ አይቶ አይገባም።

«ጉበቱ የሚበዛ ዱለት» አልኩት አስተናጋጁን። «ሚጥሚጣ እንዳይነካው።»

«ሚጥሚጣ የሌለው ዱለት?» አለኝ ደንግጦ። «እህቴ፣ እሱማ ሬሳ ነው።»

ሲያመጣው ሚጥሚጣ አለበት። ለእሱ ትንሽ ነው፤ ለእኔ አፍ ግን እሳት ነው። ቢሆንም ሽታው! ሦስት ዓመት የተዘጋ በር ተከፈተ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ ሳደርግ አራቱም ቁስሎች ባንድ ላይ ጮኹ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሁለተኛውን ስጎርስ ግን እንባው የቁስሉ አልነበረም። ተክሌ ነው ዱለት ያስለመደኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ በመጀመሪያ ደመወዙ ወስዶኝ «ብዪ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ውጪ በላችሁ ብላ ታኮርፋለች» ብሎኝ ነበር። እበላለሁ፣ አለቅሳለሁ፤ አለቅሳለሁ፣ እበላለሁ። አስተናጋጁ ሶፍት ደርድሮልኝ «አይዞሽ፣ ወንድ ሁሉ አንድ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ቀና ስል በመስታወቱ በኩል እትዬ ብርቄ ቆመዋል።

የበዓል ቅቤ ገዝተው ታክሲ ሊቀይሩ ወርደው ኖሯል። ዓይናቸው ዱለቱ ላይ፣ ከዚያ እንባዬ ላይ፣ ከዚያ ዱለቱ ላይ። እኔ በሞላ አፌ እጄን አወዛወዝኩላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሰላም እንኳን ሳይሉኝ፣ ወደ ታክሲው ሮጡ። እትዬ ብርቄ ሰላም ሳይሉ ያለፉት ሰው በታሪክ የለም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን «ስለቷን በላች ብለው ሊያሳጡኝ ነው» ብዬ፣ ከተጋለጥኩ አይቀር ብዬ፣ ዱለቱን ጨረስኩት።

ቤት የደረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የዕድር ሰዎች መሬቱን በእርምጃ ይለካሉ።

«ስድስት በአራት ይበቃል።»

«ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ላስቲክ ይደረብበት።»

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ተያዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ግቢ ልጄ፣ እናትሽ ዘንድ ግቢ» አለኝ አንደኛው።

ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ሁሉም ደግሞ ለሌላ ጉዳይ የመጣ ለመምሰል ይታገላል። አንዷ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ወንፊቱን ታቅፋ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣለች። ሌላዋ አምና የወሰደችውን ድስት መልሳለች። ዕቃችን በአንድ ቀን እንደዚያ ተመልሶልን አያውቅም። እማዬ መሐል ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች። የእኛ ሰው መርዶ ሲይዝ እንዴት እንደሚቀመጥ አታውቅም ብላችሁ ነው? እሷ ራሷ ለስንቱ ቤት እንደዚያ ተቀምጣለች።

እትዬ ብርቄ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ሊስቡኝ ሞከሩ። «ልጄ፣ ደንቡ እንዲህ አልነበረም። መርዶ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሽማግሌ ነው። ግን ብቻሽን ይዘሽው ስትቃጠዪ አየሁና አላስቻለኝም።»

«ምኑን ይዤ?»

«የተክሌን ነገር።»

«ምን ሆነ ተክሌ?»

«አትደብቂን እንጂ የእኔ ልጅ።»

«እትዬ ብርቄ፣ ተክሌ አልሞተም!»

«ታዲያ እያለቀስሽ ሥጋ የምትበዪው ለምንድን ነው?»

ልብ በሉ፣ የእሳቸው ሂሳብ አልተሳሳተም። ሰፈሩ ሁሉ ስለታችንን ያውቃል። ተክሌ ሳይመጣ የእሱ እህት ሥጋ ከበላች እንደማይመጣ አውቃለች ማለት ነው። ካለቀሰች ደግሞ ዛሬ ነው የሰማችው። እኔ አፌን እያመመኝ «አልሰማሁም፣ አልሞተም» ባልኩ ቁጥር ሴቶቹ «ወይኔ፣ እንዴት ጠንካራ ልጅ ናት» እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሐዘን የሚደብቅ ሰው የሚለው እኮ ልክ ይህንኑ ነው። ባለወንፊቷ ወንፊቱን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

እማዬ ግን ስለ ሞት አልጠየቀችኝም። ተነሥታ ፊት ለፊቴ መጣች።

«በልተሻል?» አለችኝ።

ዱለቱ ልብሴ ላይ ይሸታል። ምን ልበል?

«በልቻለሁ።»

እማዬ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። አፏን ከፍታ እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም፤ አባታችን የሞተ ዕለት እንኳን እንደዚያ አልጮኸችም። ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ተነሡ፣ ቤቱ በልቅሶ ተናጋ፣ ውጪ ያሉት ሰዎች «በል ድንኳኑን አምጣ» ሲባባሉ ይሰማል። እኔ መሐል ቆሜ እማዬን አያለሁ። አፏን ነበር የማየው። የተከፈተ አፏን። ምላሷ ዳርና ዳሩ፣ የከንፈሯ ውስጥ፣ ድዷ ሥር፣ ነጭ ነጭ።

«እማዬ፣ ዝም በዪ» አልኳት። «እማዬ፣ ክፈቺ። አፍሽን ክፈቺልኝ።»

ሰው ሁሉ አበደች አለ። አገጯን ይዤ የስልኬን መብራት አበራሁበት። የእኔ አራት ናቸው፤ የእሷን መቁጠር አልቻልኩም። አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ትሪ እየበላን፣ እኔ በአንዲት ምስር ፍሬ ዓመት ከመንፈቅ አገር ሳምስ እሷ ይህን ሁሉ ዘግታ ይዛዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ተዪው።»

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስለት ቀላል መስሎሽ ነው?» አለችኝ በለሆሳስ። «ካላመመማ ምኑ ስለት ሆነ?»

የጤና ጣቢያውን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለሰፈሩ ሁሉ አነበብኩት፤ ያልገባኝንም ጭምር። ደሜ ነው አልኩ። ብረት ነው አልኩ። ዶክተር ብዪ ብላኝ ነው አልኩ። ልቅሶው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ቆመ። እማዬ ወረቀቱን አላየችውም። እኔን ነው የምታየው።

«ወሬ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

«ማዪልኝ።»

«መድኃኔዓለምን አልሰማሁም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፣ እማዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ አላውቅም። አንቺም አታውቂም።»

ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ በቃል ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ይመጣል» ነበር የምንለው። እማዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

አንደኛው የዕድር ሰው በበሩ ብቅ አለ። «ድንኳኑ ደርሷል፤ እንትከለው ወይስ…»

«መልሱት» አለች እማዬ።

እትዬ ብርቄ ሲወጡ ቅቤያቸውን መሶቡ ላይ ትተውልን ሄዱ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

በማግሥቱ እማዬን ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የእሷ ደም ከእኔም ወርዷል። ዶክተሯ «በምን ኃይል ነው የሚራመዱት?» አለቻት። እማዬ የሰማች አትመስልም። የክኒኑን ማሸጊያ ገልብጣ ገለባብጣ አየችው።

«ይሄ ከሥጋ ነው የሚሠራው?»

«አይደለም እናቴ፣ ብረት ነው።»

«ቅቤስ የለበትም?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው እውጣለሁ» አለች። «ሥጋውን ግን አትንገሪኝ።»

የንስሐ አባቷንም አስጠራሁ። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ስለቱን በጧፍና በስግደት ለውጪው፣ ፈትቼሻለሁ አሏት። እማዬ መስቀሉን ተሳለመች። «አባቴ፣ እርስዎ ፈቱኝ» አለች፤ «እጄ ግን አልፈታኝም።» ሽማግሌው መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሲነሡ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ «ይህችን እንኳን ልቀቂያት» አሏት።

መስቀል ዕለት ጠዋት ሽታ ቀሰቀሰኝ። እማዬ ማንም ሳያግዛት ሥጋውን አስመጥታ፣ ጅማቱን ለይታ፣ ከትፋ ጨርሳለች። የእትዬ ብርቄን ቅቤ አንጥራለች። ሚጥሚጣውን ለአፌ ብላ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነሰነሰችው። ጨው ጨመረች፣ አሸች፣ ትንሽ ደገመች። እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ክትፎ የሚያሽ ሰው ጣቱን ቀምሶ ነው ጨውን የሚያውቀው። እማዬ ጣቷን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ዓይኗ ፊት አቆመችው፤ ትንሽ አየችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ከቆጮው ቆርሳ ጠቅልላ ፊቴ መጣች። «አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

ጎረስኩ። ጨው ነው። ዝም ብሎ ጨው። ገና ያልጠገገችው ቁስሌ ላይ ሲያርፍ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። እማዬ አፌን አፌን ታያለች፣ ጣቶቿ ቅቤ እንደነኩ አየር ላይ ናቸው።

«ጨው በቃው?»

«በቅቶታል።»

«አልበዛም?»

አኘክሁ። እሷ ግን ዓይኔን አየችውና ገባት። ሳህኑን ዝቅ አድርጋ ተመለከተችው።

«እሱ ጨው ይወዳል» አለች። «እጄ ለእሱ መጥኖ ነው።»

ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች። እኔም አፌን ከፈትኩ።